ሳንቶሪኒን ፍለጋ ከሳሪስ አቦ

ሳሪስ አቦ ውስጥ ፀጉራችንን የምንሠራባት አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት አለች። ግድግዳዋ ላይ ጫፍ ጫፉ በፕላስተር የተያዘ ፖስተር ተለጥፏል። ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከሥር ደግሞ ጉልላቱን የመሰለ ባሕር። የፀጉር ቤቷ ባለቤት "ጣሊያን ነው" ትላለች። ረዳቷ "ኧረ ዱባይ ነው" ትላለች። ሳንቶሪኒ የምትባል የግሪክ ደሴት መሆኗን እኛ ካወቅን ቆይተናል፤ ግን እዚያ ቤት ከባለቤቷ ጋር መከራከር ሹሩባን ያጠብቃልና ዝም እንላለን። ሹሩባ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ግድግዳ ላይ ያፈጠጠ ሰው ደግሞ ወይ ይተኛል ወይ ይመኛል። እኛ ተመኘን።

እኛ ማለት ሦስት ነን። በአንድ ዓመት ገብተን፣ በአንድ ቀን ጥቁር ጋዋን ለብሰን ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የተመረቅን፣ በአንድ ሰፈር የምንኖር ሦስት ሴቶች። ከሦስታችን በሙያዋ የተቀጠረችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም "ለጊዜው" በሚል ውል። ሌላዋ የአንድ ድርጅት ስልክ ታነሳለች። ሦስተኛዋ… በመፈለግ ላይ ናት፤ ምን እንደምትፈልግ አትጠይቋት። ስም መጥራት ስለማንወድ አንዷን ሒሳብ ያዥ፣ አንዷን ፎቶ አንሺ፣ አንዷን ጸሐፊ እንበላቸው። ይህችን ጽሑፍ የምትጽፍላችሁ ግን የሦስታችን ድምር ናት።

እናላችሁ፣ ምኞታችን ሲጠና ሒሳብ ያዥ ስልኳን አውጥታ ሒሳቡን ሠራችው። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ከሰኔ 2016 ወዲህ 90 ዩሮ ነው። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብራችን ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ተወነጨፈ። ለሦስታችን 270 ዩሮ፣ ያውም ለማመልከት ብቻ! ይህ እንዳይበቃ፣ ግሪክ ከ2025 እ.ኤ.አ. የበጋ ወራት ጀምሮ በትልልቅ የመዝናኛ መርከብ መጥቶ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ ከሚወርድ ጎብኚ፣ ሰው በሚበዛበት ወቅት 20 ዩሮ ታስከፍላለች። ጎብኚው በዝቶ ነዋሪው መተንፈሻ በማጣቱ ነው አሉ። "እኛ ደጃቸውን ለመርገጥ ገንዘብ እንለቅማለን፣ እነሱ በሰው ብዛት ይማረራሉ" አለች ሒሳብ ያዥ፣ ስልኳን ዘጋች።

ደግሞም ጊዜው የሳንቶሪኒ አልነበረም። ጥር እና የካቲት 2017 ላይ ደሴቷ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትናጥ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ጥሏት ወጥቷል። የሚገርመው በእነዚያው ወራት ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የሚነሳው መንቀጥቀጥ እኛንም እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ያወዛውዘን ነበር። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጓደኞቻችን በሌሊት ልብስ ደረጃ ሲወርዱ ከርመዋል። ሳሪስና ሳንቶሪኒ በአንድ ወቅት የተንቀጠቀጡ ሰፈሮች ናቸው፤ ዝምድናችን በዚህ ተረጋገጠ ብለን ሳቅን።

ኋላ ስናስበው አንድ የግሪክ ደሴት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ፍጥሞ! ዮሐንስ ተግዞ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ ዛሬም በግሪክ ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት፤ በ1088 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ በስሙ የሚጠራ ገዳምም አላት። አንዳችንም ግን ፍጥሞን "መዝናኛ" ብለን አስበናት አናውቅም። በእኛ ቤት ደሴት ማለት ገዳም፣ ብራና፣ ሽሽት ነው። ከዚህ ሐሳብ ወደ አገራችን ደሴቶች መዞር አላስቸገረንም።

መጀመሪያ የመጣልን ጣና ነበር። ጣና ግን ለኪሳችን ሩቅ ነው፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት የተነሳ እናቶቻችን የመንገዱን ስም ሲሰሙ ያማትባሉ። ከደሴቶቹም ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ሦስት ሴቶች አገር አቋርጠን ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን ልንመለስ? ፎቶ አንሺ በዚህ ጊዜ ነው "ለምን በደጃችን መንገድ አንሄድም?" ያለችው።

የደጃችን መንገድ የምትለው የደብረ ዘይትን መንገድ ነው። ሳሪስ አቦ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ወደ ደቡብ የሚወርድ ሁሉ በደጃችን ያልፋል። ፍራሽ የጫነ፣ ዶሮ የጫነ፣ ሙሽራ የጫነ። ልጆች ሆነን መንገድ ዳር ቆመን ለተሳፋሪው እጃችንን እናውለበልብ ነበር። ሲያልፉ ማየት እንጂ መሄድ የእኛ አልነበረም። መሄድ የእናቶቻችን ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ ለመጋቢት አቦና ለጥቅምት አቦ ወደ ዝቋላ ገዳም። በሶውን በጥብጠው፣ ቆሎውን በፌስታል ቋጥረው፣ መኪና ተጋርተው፣ ዳገቱን በእግር ወጥተው ይሳለሙና ይመለሳሉ። "በትንሽ በጀት ጉዞ" የሚባለውን ነገር የፈረንጅ ወጣቶች የፈጠሩት መስሎን ነበር። ለካ እናቶቻችን ያለ ማስታወቂያ ሲሠሩበት ኖረዋል!

በደጃችን መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብንወርድ ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ አለች። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ደግሞ አምስት ደሴቶች አሉ። ቱሉ ጉዶ፣ ገሊላ፣ ደብረ ሲና፣ ጠደቻ እና ፉንዱሮ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ በኦሮምኛ "ትልቅ ተራራ" ማለት ነው። በሌላ ስሙ ደብረ ጽዮን ይባላል። ተወሰነ! እያንዳንዳችን 3,000 ብር አዋጣን፤ 9,000 ብር ሞላ። ሒሳብ ያዥ ገንዘቡን በሦስት ፖስታ ከፋፍላ፣ ፖስታዎቹን በቦርሳ፣ ቦርሳውን በጉያዋ አድርጋ፣ ከጥቅምት አቦ በኋላ በመጣው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018፣ ገና ሳይነጋ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስን። ስንቃችን ዳቦ ቆሎ፣ በሶ እና የአንዷ እናት "ለማንኛውም" ብለው ያስያዙን አንድ ድፎ ዳቦ ነው።

ለአንድ ሰው 380 ብር ከፍለን ሚኒባስ ተሳፈርን። አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም መንገድ ዳር እንደ ድንጋይ ተከምሯል። ከዚያ በስተግራ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ታየ፤ ፎቶ አንሺ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። ዝዋይ ነው። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውኃው እንደ ፖስተሩ ሰማያዊ አይደለም፤ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ምንም አላልንም፤ ሻይ እንወዳለን።

ባቱ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ያራግፋሉ። አባ ኮዳዎች (እነዚያ ራሰ በራ፣ ረጃጅም፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ የሚመስሉት ወፎች) የዓሣ ጭንቅላት ይጠብቃሉ። ፔሊካኖቹ ትንሽ ራቅ ብለው ይንሳፈፋሉ። እግራችንን ውኃ ውስጥ ልንነክር ስንል አንድ ልጅ "ቢልሃርዚያ አለ!" ብሎ ጮኸብን። እውነቱን ነው፤ ዝዋይ በዚህ ይታወቃል። ጫማችንን መልሰን አሰርን።

ከዚያ የጀልባ ነገር መጣ። አንድ ጎልማሳ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ብዙ የማይናገር ሰው አገኘን። ቱሉ ጉዶ ደርሶ መልስ ስንት ነው?

"ስድስት ሺህ።"

ሒሳብ ያዥ እንደታመመ ሰው ሳቀች። ስድስት ሺህ ማለት ካለን ሁለት ሦስተኛው ነው! እንግዲህ ትምህርታችንን በተግባር የምናውልበት ጊዜ መጣ። ጠየቅን፣ ደግመን ጠየቅን፣ ተማሪ ነን አልን (ነበርን)፣ ጀልባው ሞልቶም አያውቅም አልን፣ ሌላ ሰው በሦስት ሺህ ይወስደናል አልን (ውሸት ነው፣ ይቅር ይበለን)፤ በመጨረሻ ጀርባችንን ሰጥተን ሄድን። ዐሥራ አምስት እርምጃ። "ኑ እሺ" አለ ከኋላችን። በ3,500 ብር ተስማማን።

"ግን ሰው እጭናለሁ" አለ። "ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ንፋስ ይነሳል።"

"ችግር የለም ጋሼ!" አልን በአንድ ድምፅ።

ያን ማታ የተሰማንን ኩራት ብታዩት! ሁለት አልጋ ያላትን ክፍል በ800 ብር ያዝን። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ "ሦስታችሁ?" ብላ ከላይ እስከ ታች አየችን፤ "ቀጫጮች ነን" አልናት። በ900 ብር ዓሣ ጥብስ በላን። ስድስት ሺህ የተባለውን በሦስት ሺህ አምስት መቶ! ሒሳብ ያዥ ልክ ኤርትራ ላይ ጎል እንዳገባ አጥቂ ተሞገሰች። ከመተኛታችን በፊት ጸሐፊዋ ለዚህች ጽሑፍ ርእስ ሁሉ አወጣች፤ "ደሴትን በርካሽ የመጎብኘት ሰባት ዘዴዎች"። ያቺ ጽሑፍ ይህች አይደለችም።

እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀልባው ጋ ስንደርስ ተሳፋሪ ቀድሞናል። የዱቄት ከረጢት የያዙ አንዲት አሮጊት፣ የጤና ጣቢያ ካርድ በእጇ የያዘች እናት ከነልጇ፣ ሁለት ጣውላ የተሸከመ ወጣት። ሁሉም ባቱ አድረው ወደ ደሴታቸው የሚመለሱ ናቸው። "ኮንትራት ይዘን?" ብላ አንሾካሾከች አንዳችን። አዎ፣ ብለናል። ሰው እጭናለሁ ያለንን ረስተን፣ የከፈልነው ለእኛ ብቻ ነው የሚል ስሜት አደረብን። ጀልባ ነጂው ሦስት ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬት አውጥቶ ለሦስታችን ሰጠን። ለበስን። ፎቶ ተነሣን። ለአሮጊቷ፣ ለእናቲቱ፣ ለልጁ ጃኬት እንደሌለ በዚያች ሰዓት ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ፎቶውን ዛሬ ስናየው ግን ከፊታችን ሦስት ብርቱካን፣ ከኋላችን አንድ ነጠላ ለብሰው ከረጢታቸውን ያቀፉ እናት አሉ።

መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በዛይኛ ነው። ዛዮች የእነዚህ ደሴቶች ባለቤት ናቸው፤ ቋንቋቸው ከአማርኛም ከግዕዝም የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛና ሐረሪ ናቸው። ሒሳብ ያዥ እናቷ ስልጤ ናቸው። ጆሮዋን ቀስራ ስታዳምጥ ቆየችና አንድ ቃል ወርወር አደረገች። አሮጊቷ ዞረው አዩዋት፤ ሳቁ፤ መለሱላት። ከዚያ ወዲያ በሞተሩ ጩኸት መሐል ሁለቱ ግማሽ በስልጥኛ፣ ግማሽ በዛይኛ፣ የጎደለውን በአማርኛ እየሞሉ ሲጫወቱ ሄዱ። ዛይኛ የሚናገረው ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ዛይ ደሴቱን ትቶ ወደ ሐይቁ ዳር ከተሞች ወጥቷል፤ ልጆች ደግሞ በኦሮምኛና በአማርኛ ያድጋሉ። አሮጊቷ ይህን ሲናገሩ ሐዘንም ቁጣም አልነበረባቸውም፤ የአየር ሁኔታ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ቱሉ ጉዶ ከውኃው ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ ነው። ጎኑ በድንጋይ እርከን የተሸነሸነ ማሳ ነው። ዳገቱን እያለከለክን ወደ ቤተክርስቲያኑ ወጣን። አንድ አባት ተቀበሉንና በጨርቅ የተጠቀለለ የብራና መጽሐፍ ገለጡልን። ትውፊቱን ነገሩን። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ ታቦቷ ለሰባ ዓመት ያህል እዚህ አረፈች፤ ሰላም ሲሆን ተመለሰች፤ ካጀቧት ብዙዎቹ ግን እዚሁ ቀሩ። የደብረ ጽዮን ስም ከዚህ የመጣ ነው። ቀጥሎም ዘመናት ሲከፉ ደሴቱ የክርስቲያኖች መሸሸጊያ ሆኖ ቆየ፤ እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ከየብሱ እምብዛም ሳይገናኝ።

ከላይ ሆነን ስናይ ሐይቁ በሙሉ ከሥራችን ተዘረጋ። በደቡብ በኩል አሉቶ ተራራ ይታያል። አሉቶ ያላረጀ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከሆዱ የሚወጣው እንፋሎት ለኤሌክትሪክ ኃይል ተቆፍሯል። ሳንቶሪኒም ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ ጠርዝ ላይ የተሠራች ናት። ፎቶ አንሺ ሁለቱን በአንድ ላይ አስባ "ይኸው እኮ ደርሰናል!" አለች። ነጠላዋን ወደ ንፋሱ ለቀቀች፤ እኛም አነሣናት። አንድ ጊዜ። ሃያ ጊዜ። አርባ ጊዜ።

ሒሳብ ያዥ ሙስሊም ስለሆነች ሁለታችን ስንሳለም እሷ ወደ ታች ወርዳ እሜቴ ቤት (በጀልባው ያሉት እናት ናቸው) ቁጭ ብላ ኖሯል። ስንወርድ ቡና ተፈልቶ ጠበቀን። በቆሎ ተጠብሶ ቀረበ። እኛም ድፎውን አውጥተን ቆረስን፤ የጎረቤት ልጆች መጡ፤ ድፎው አለቀ። አቦል ጠጣን። ቶና ጠጣን። በረካውን ጥሎ መሄድ ነውር ነውና በረካውንም ጠበቅን። ለቡናው ልንከፍል ስንል እሜቴ እጃችንን መልሰው አጠፉት። ሐይቁ ዳር ጀልባ ነጂው ሁለት ጊዜ አፏጨ። "መጣን ጋሼ!" እያልን አንድ ፎቶ፣ አንድ ፎቶ ብቻ…

ከደሴቱ ስንነሣ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ተሳፋሪው እኛ ሦስታችን፣ ጀልባ ነጂው እና ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው የእህቱ ልጅ ነን። ንፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ያ ጠዋት ሻይ የመሰለ ውኃ ተነሥቶ ጀልባውን ይደበድብ ጀመር። ልጁ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ይቀዳል። ሞተሩ ያጓራል። የባቱ ቤቶች ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ እያየን፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ዝም አለ።

ቤንዚን አልቋል።

ጀልባ ነጂው አልተናደደም። መቅዘፊያውን አነሣ። ሒሳብ ያዥ በጣም በቀጠነ ድምፅ "ተጨማሪ ቤንዚን የለም?" አለችው። የመለሰላትን እስከ ዛሬ እናስታውሳለን፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ሙሉ ጀሪካን የምገዛው በሙሉ ዋጋ ነው። በሰጣችሁኝ ልክ ገዛሁ። ንፋስ ከሌለ ይደርስ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።"

ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። አንዳችን ከልባችን አለቀስን (ማን እንደሆነች አንናገርም)። ሦስት ብርቱካን ለብሰን ተቀምጠን፣ አንድ ጎልማሳና አንድ ልጅ ያለ ምንም ጃኬት ማዕበል ላይ ሲቀዝፉልን አየን። በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው የጠዋቱ ስዕል ተመልሶ የመጣው፤ እሜቴ፣ እናቲቱ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ የያዘችለት ልጇ። የዝዋይ አማካይ ጥልቀት 2 ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑን ያነበብነው ቤታችን ከገባን በኋላ ነው። ቀድመን ብናውቀውም ብዙ አያጽናናንም ነበር፤ ከሦስታችን ረጅሟ 1 ሜትር ከ68 ናት።

በመጨረሻ መረብ ሰብስቦ የሚመለስ ሌላ ጀልባ አይቶን መጣ። ገመድ ወረወረ፣ ጎተተን። ባቱ ስንደርስ ጀልባ ነጂው ለጎተተን ሰው "ነገ እሰጥሃለሁ" ሲለው ሰማን። ሒሳብ ያዥ ወደ ጎን ጠራችን። ሒሳቡ አጭር ነበር። ለመምጫ፣ ለክፍል፣ ለራት፣ ለቁርስ፣ ለጀልባ እና ለቤተክርስቲያኑ ከሰጠነው በኋላ የቀረን 1,970 ብር ነው። ለመመለሻ 1,230 ብር ያስፈልገናል። አንድ ሺህ ብር ቆጥራ አወጣችና ሰጠችው። እንደ ፊልም አልሆነም፤ "አልቀበልም" አላለም፤ ዕንባም አልነበረም። ቆጠረው፣ ግማሹን ለጎተተን ሰው ሰጠ፣ ቀሪውን ኪሱ ከተተ፣ "በሰላም ግቡ" አለን።

የቀረን 970 ብር ሁለት ሰው ተኩል ያሳፍራል። ግማሽ ሰው የሚጭን ሚኒባስ ደግሞ ባቱ መናኸሪያ ውስጥ አላገኘንም። የጸሐፊዋ ወንድም በቴሌብር 300 ብር ልኮ አዳነን፤ እስከ ዛሬ በየምሳው ያነሣብናል።

ከመቂ እስከ ቃሊቲ ስንከራከር መጣን። ፎቶ አንሺ "ስድስት ሺውን መክፈል ነበረብን" አለች። ሒሳብ ያዥ ግን አልተቀበለችም፤ እኛም ኋላ ስናስበው ልክ ናት። ስድስት ሺህ ከፍለን "ኮንትራት ነው፣ ሰው አትጫን" ብንል ኖሮ እሜቴ ከነዱቄታቸው፣ ያ ልጅ ከነካርዱ ሐይቁ ዳር ሌላ ጀልባ ሲጠብቁ ይውሉ ነበር። ቡናም የለ፣ ዛይኛም የለ። ጥፋታችን ርካሽ መፈለጋችን አልነበረም። ርካሽ ሁለት ዓይነት መሆኑን አለማወቃችን ነው።

አንደኛው ተካፍሎ የሚረክስ ነው። እናቶቻችን ዝቋላ የሚሄዱበት ርካሽ፤ አንድ መኪና ለዐሥራ ሁለት፣ አንድ ድፎ ለሁሉም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው። ሁለተኛው ከሌላ ሰው ላይ ተቆርጦ የሚረክስ ነው። ዋጋው አልጠፋም፤ ከእኛ ፖስታ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ጀሪካን ዞረ። እኛ ያን ማታ ዓሣ እየበላን የጨፈርንበት 2,500 ብር ቤንዚን ነበር። ያስገርማል፤ ሦስታችንም ደመወዛችን ሲቆረጥ፣ "ልምድ ታገኛላችሁ" ተብለን በነጻ ስንሠራ፣ "ለጊዜው" በሚል ውል ስንንከራተት ይህን ነገር አሳምረን እናውቀዋለን። ጽሑፋችንን በግማሽ ዋጋ የሚገዛን ሰውም እኮ ማታ ለጓደኞቹ "በግማሽ አገኘሁት" ብሎ ያወራ ይሆናል። ዐሥራ አምስት እርምጃ ሲሄድብን "ኑ እሺ" የምንለው እኛው ነን።

እና መሄድ የምትፈልጉ፣ ሂዱ! መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ከዚያ ጠዋት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ ቤንዚኑ ስንት እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ፤ በእሱ ላይ አትከራከሩ። ጃኬቶቹን ከሰው ጋር ቁጠሩ። ኮንትራት አትያዙ፤ ከደሴቱ ሰዎች ጋር ተሳፈሩ፤ ለእነሱም ለእናንተም ይረክሳል። ድፎ ያዙ። የምትመለሱበትን ሰዓት ቃል ከገባችሁ ጠብቁ፤ ፎቶ አርባ አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ፀጉራችንን ልንሠራ ገባን። ፖስተሩ አንድ ጥጉ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ባለቤቷ "ደሴት ሄዳችሁ ነበር አሉ፣ እስቲ አሳዩኝ" አለች። ፎቶ አንሺ ከአርባው መሐል ነጠላዋ በንፋስ የተነሣውን ፎቶ አላሳየቻትም። ያንን የጀልባውን፣ ሦስት ብርቱካንና ከኋላ እሜቴ ያሉበትን አሳየቻት። ባለቤቷ ስልኩን ጠጋ አድርጋ አየች።

"እኚህ እናትስ፣ ጃኬታቸው የታል?" አለች።

ወዲያው ነው ያየችው። እኛ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶብናል።